የጭላሎው እንደራሴ ሽምግልና

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ የካቲት፣ በባሕር ማዶ በረዶ የዌስተንን ጎዳና ባለበሰበት ቅዳሜ፣ በጃንሆይ ዘመን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ የነበሩት ቀኛዝማች ሀብተማርያም ለሴት ልጃቸው ልጅ ለእዝራ ሽምግልና ወጡ፤ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ሌላውን ሽማግሌ አቶ ታዴዎስን አስከትለው፣ የምትታጨው የመክሊት አባት የአቶ ዘርይሁን አፓርትመንት ደረሱ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ! ዛሬን ከሥራ ኦፍ ወስጄ ነው የጠበቅኋችሁ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቀኛዝማች፤ ወጉ ነውና። ልጅቷን ለመኑ፤ ዘር ተቆጠረ። ስማቸውና የጭላሎ አገር ሲነሣ አቶ ዘርይሁን ብድግ አሉ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ? አባቴ ጭሰኛ ነበር፤ የመረጠዎት እሱ ነው! ‹ሀብተማርያም በምክር ቤቱ ስለ እኛ ተሟግቷል› እንዳለ ሞተ። ለእንዲህ ያለ ቤትማ ቀጠሮም አላበዛም!»

የቀኛዝማች ፊት በሐፍረት ጋለ። የጭሰኛው ሕግ ረቂቅ ለክርክር በቀረበ ዕለት፣ እሟገትላችኋለሁ ብለው የተመረጡት እሳቸው፣ ራሳቸው ባለርስት ነበሩና፣ ትንፍሽ አላሉም፤ ተሟገተ የሚለው የሐሰት ወሬ አገር ቤት ሲደርስም አላስተባበሉም። እውነቱን ዛሬ ቢያወጡት የእዝራን ትዳር በገዛ አፋቸው ሊያፈርሱት ነው።

«ዝም አይነቅዝም፣ ቀኛዝማች» ሲሉ ምስጢሩን የሚያውቁት አቶ ታዴዎስ በጆሯቸው አንሾካሾኩ።

አይ አቶ ታዴዎስ! የሳቸው ዝምታ ከነቀዘ ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

«አልተሟገትኩም፣ አቶ ዘርይሁን» አሉ ቀኛዝማች። «ለመሬቴ ሳስቼ ዝም አልኩ። አባትዎን ከድቻቸዋለሁ። አፍራለሁ።»

አቶ ዘርይሁን ወደ ጓዳው በር ገልመጥ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጆቹ ምን በደሉ? መክሊትን ሰጥቻለሁ። ይህን ግን እናቴ እንዳትሰማ፤ አደራ! በዚህ ወሬ ነው የምትጽናናው።»

ቀኛዝማችም እሺ አሉ።

ወዲያው እናታቸው ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ፤ እንግዳው ማን እንደሆኑ ሲነገራቸው «የኛ ሰው! የድሃ ጠበቃ!» ብለው እልል አሉና፣ ጎንበስ ብለው የቀኛዝማችን ጉልበት ሳሙ። ቀኛዝማች ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አሉ በልባቸው፤ በአፋቸው ግን «ይነሡ፣ እመቤቴ፣ ይነሡ» እያሉ ደግፈው አነሷቸው።

ያ ምክር ቤት ፈረሰ፤ ርስቱም ተወረሰ፤ ባለርስቱም ጭሰኛውም አለፉ። ከዚያ ሁሉ ነገር ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ለልጅ ልጆቻቸው ያወረሱት አንድ ደፋር እንደራሴ ነው፤ እሱም ከቶ ያልነበረ ሰው ነው።