ፀሐይ የከለለው ጎረቤት

«አንተ ሰውዬ! ይኼ ሁሉ በረሃ እያለልህ እኔ ደጃፍ ላይ ምን ገተረህ?»

ማቪስ ይህን የጮኸችው ከተጎታች ቤቷ ጣሪያ ላይ ሆና ነው። በአንድ እጇ የብሎን መፍቻ፣ በሌላው የሶላር መወልወያ ጨርቅ ይዛለች። ነፋሱ ፀጉሯን አፏ ውስጥ እየከተተው ስድቡ በቅጡ አልወጣላትም እንጂ ያሰበችውስ ከዚህም የባሰ ነበር።

ዳልተን ከቤቱ ብቅ አለ። ሥራው ኮርቻ መስፋት ነው፤ ያልተጨረሰ ቆዳ ክንዱ ላይ አንጠልጥሏል። የእሱ ቤት ድሮ ፈረስ ይጫንበት የነበረ ረጅም ተጎታች ነው፤ አጠገቡ የማቪስ ቤት የዶሮ ቤት ይመስላል።

«ምን አጠፋሁ፣ እህቴ?»

«እህቴ አትበለኝ! ና ወጥተህ እይ!»

መሰላሉን ወጣ። ጣሪያው ላይ ሁለት የሶላር ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ታስረዋል። የብርዱ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ስለምትሄድ የእሱ ቤት ጥላ በሁለቱም ላይ ተጋድሟል።

«ጥግ ጥጉን ብቻ እኮ ነው የነካው» አለ ቀስ ብሎ።

«ጥግ ጥጉን ብቻ! ጥጉ ሲከለል የተረፈውም አብሮ ይሰንፋል። አንተን ጉሮሮህን ብቻ ቢያንቁህ እግርህ ይሮጣል?»

ዳልተን ጉሮሮውን ነካ አደረገ።

በዚህ በአሪዞና በረሃ ተጎታች ቤታችንን አቁመን ብርዱን የምናሳልፍ ሰዎች አጥር የለንም። አጥራችን ይሉኝታ ነው። ቀድሞ የቆመ ሰው ፀሐይ አይከለልበትም፤ የሰው የባትሪ ሳጥን ሳይጠሩን አንከፍትም። ዳልተን ግን የዘንድሮ አዲስ ነበርና ይህን የነገረው አልነበረም።

ማቪስ ደግሞ የምትናደድበት በቂ ምክንያት ነበራት። ቤቱ የእናቷ ነበር። እናቷ ስትሞት ወንድሟ ጋሬት ልሽጠው አለ፤ እሷ እኖርበታለሁ አለች። «አምፖል ሲቃጠል እኔን የምትጠሪ ሴት በረሃ ልትኖሪ?» ብሎ ሳቀባት። ከዚያ ተስማሙ፦ በፀሐይ ብቻ፣ ያለማንም እርዳታ ከኖረችበት ቤቱ የእሷ ይሆናል። መጥቶ መብራቱን ጠፍቶ ካገኘው ግን ጎትቶ ወስዶ ይሸጠዋል። የሚመጣው እሑድ ነው። ይህ ጭቅጭቅ የተነሣው ዓርብ።

ጣሪያውን በስታ ሰሌዳዎቹን ያሰረችው ራሷ ናት። ዝናብ እንዳይገባ ቀዳዳውን ሁሉ አሽጋለች። ሽቦውን ከፍሪጁ ጀርባ አውርዳ፣ የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረውን መሣሪያ ገጥማ፣ ባትሪዎቹን አልጋዋ ሥር አስቀምጣለች። ደህና ሲሠራ ቆይቶ በዚህ ሳምንት ከከተማው ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ከሥራዋ፣ በመሸ ቁጥር ስትመለስ ባትሪው ከትናንቱ ጎድሎ ይጠብቃታል። ቀን ቀን ስለማትኖር ጥላውን አይታው አታውቅም ነበር፤ ዓርብ ግን ከሥራ ቀርታ ጣሪያ ላይ ወጣች።

«ሳምንቱን ሙሉ ራሴን ስሰድብ ከረምኩ!» አለች፤ ድምፅዋ መሰበር ሲጀምር ይበልጥ ተናደደች። «በእጄ ያሰርኩትን ፈታሁ፣ አሰርኩ፣ ፊውዙን ቀየርኩ። ጋሬት እውነቱን ነው፣ እኔ አልችልም ብዬ አለቀስኩ። ለካ አንተ ነህ!»

«ነፋሱን አይቼ ነው» አለ ዳልተን።

«የምን ነፋስ?»

«የደጃፍሽ ሸራ። መጠቅለያው ተበላሽቶ ነፋሱ ሲያንገላታው አየሁና ግድግዳ ልሁንላት ብዬ አጠገብሽ ቆምኩ። መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁሽም።»

ማቪስ ቢከራከራት ይሻላት ነበር። ለክርክር ተዘጋጅታ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም። አየችው። እሱም አያት፤ ከዚያ ሁለቱም ሶላሩን ማየት ያዙ።

«ጀነሬተር አለኝ። ልቀጥልልሽና እስከ ማታ ይሙላ?»

«እንዳትነካው! በጀነሬተር ከሞላማ ውሸት ነው።»

«እሺ። ቤቱን አነሣለሁ።»

ወዲያው ፒካፑን አስነሥቶ ቤቱን ጎተተና ከእሷ በስተሰሜን፣ ጥላው ከማንም በማይደርስበት ቦታ አቆመው። ማቪስም ወርዳ መቆጣጠሪያውን ስታይ ቁጥሩ መውጣት ጀምሯል። ደስ አላት። ደስታዋ ግን እስከ አመሻሽ ብቻ ነበር። ግድግዳዋ የሄደባት ሸራ በነፋስ ተነፍቶ ቷ ብሎ ተቀደደ።

ዳልተን እየሮጠ መጣና መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለ።

«ልምጣ?» ብሎ ጮኸ።

ማቪስ የሚንፈራገጠውን ሸራ እንደታቀፈች ሳትወድ ሳቀች። «አሁን ነው ፈቃድ የምትጠይቀው? ና እንጂ!»

በሁለት ወገን ይዘው ሸራውን ሲያጥፉት እጅ ለእጅ ተገናኙ። እጥፉ ካለቀ በኋላም የማንም እጅ ቶሎ አልተነሣም።

«ግድግዳው ይመለስ?» አለ።

«ዝም ብለህ ያዝ።»

እሑድ ጋሬት ሲመጣ ዳልተን ከሩቅ ሆኖ የተቀደደውን ሸራ በኮርቻ ክር ይሰፋ ነበር። ጋሬት መብራቱን አበራ። ውኃ ከፈተ፤ ፓምፑ ተነሣ። ማሞቂያውን አስነሣ፣ ፍሪጁን ከፍቶ እጁን ከተተ። የሚጠፋ ነገር አጣ። ጀነሬተር ፍለጋ ቤቱን ዞረው።

ከዚያ ዓይኑ ዳልተን ላይ አረፈ።

«አሃ! በል ወንድሜ፣ እውነቱን አውጣ። ይህን የገጠምክላት አንተ ነህ፣ አይደል?»

የማቪስ ጆሮ በንዴት ቀላ። አፏን ስትከፍት ዳልተን ቀደማት።

«እኔ? እኔማ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ፀሐይ መከለል ብቻ ነው። ይኸው ጣሪያ ላይ ሆና ስትሰድበኝ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ጠይቅ።»

ጋሬት እኛን ጠየቀ። መሰከርን፤ ስድቡን ጭምር፣ ጥቂት አሳምረን።

ጋሬት ኪሱን ዳበሰና የቤቱን ሊብሬ አውጥቶ ለእህቱ ሰጣት። «እናታችን ብታይ...» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ግንባሯን ስሞ ሄደ።

ዳልተን የተሰፋውን ሸራ ተሸክሞ መጣ። ደጃፏ ሲደርስ ቆመ።

«የት ልቁም?»

ማቪስ ወደ ፀሐይዋ፣ ቀጥሎ ወደ ጣሪያዋ አየች። ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቡ ሌላ ወንበር አኖረች።

«እዚህ ተቀመጥ። ጎኔ ስትሆን ጥላህ ሶላሩ ላይ አያርፍም።»

በዓመቱ የመጡት በአንድ ፒካፕ፣ በአንድ ተጎታች ቤት ነው፤ በትንሿ። ቤቷን ሊያቆሙ ሲሉ ዳልተን ይወርድና «ወደዚህ ነው ወደዚያ?» ይላል። እሷም በመስኮት ብቅ ብላ ትጮኽበታለች። ድምፅዋን ስንሰማ የብርዱ ወራት መግባቱን እናውቃለን።