ስክሪኑ ላይ የምትበራው ቀይ መብራት

ጋዲሴ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት ደሟ ፈላ።

የለፋችባት ቀይ መብራት ተገልብጣለች። እውነተኛዋ መብራት እስክትደርስ ፕሮግራሙን የምትሞክርባት፣ ስክሪኑ ላይ የሠራቻት ክብ ነበረች። ሥራውን ያዘዛቸው ፋብሪካ ቆርቆሮ መጭመቂያ ማሽን ሲሠራ ልትበራ፣ ሲቆም ልትጠፋ። አሁን ግን በሙከራው ማሽኑ ሲሠራ ትጠፋለች!

በአቃቂ በሰቃዋ ጠባብ ወርክሾፕ ይህን ኮምፒውተር የሚነኩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። እሷና የሺዋስ። ሳቁን ለመስማት ብላ ቀልድ የምትፈልግለት የሺዋስ!

«ኮዴን ነክተሃል?»

አቀርቅሮ ትናንት የደረሰችውን እውነተኛ መብራት ሽቦ ይነካካል። «ትንሽ ነገር ናት ጋዲ... በኋላ አስረዳሻለሁ።»

«በኋላ? ነገ እኮ ፋብሪካው ላይ ልንገጥማት ነው! ልታዋርደኝ ነው?»

ሽቦውን መነካካቱን ቀጠለ። እሷም እልኸኛ ናት፤ ምሳ ሲወጣ ጠብቃ ኮዱን እንደነበረው መለሰችና መብራቷን በሚያዘው ዕቃ ላይ ጫነችው። ትንፍሽም አላለችም። ተምረናል የሚሉ ሁለት ሰዎች ሲኳረፉ እንዲህ ነው።

በማግስቱ ቃሊቲ፣ ፋብሪካው ውስጥ፣ የማሽኑ ሠራተኛ እትዬ ፈለቀች አዲሷን መብራት እያዩ ጠየቁ።

«ስትጠፋ እጄን ላስገባ አይደል ልጆቼ?»

«አዎ እትዬ» አለች ጋዲሴ።

መብራቷ ጠፍታለች። እትዬ እጃቸውን ሰደዱ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ማሽኑ አልቆመም ነበር...

«እጅዎን!»

የሺዋስ ዘሎ ዋናውን ማጥፊያ መታው። ብረቱ ከጣቶቻቸው በላይ ቀጥ አለ። እትዬ ፈለቀች ጣቶቻቸውን እያገላበጡ አይተው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ውጭ፣ ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት በር አጠገብ፣ ጋዲሴና የሺዋስ ፊት ለፊት ቆሙ።

«ኮዱን መለስሽው እንዴ?» አለ የሺዋስ።

«ያበላሸኸው መስሎኝ...»

«ያበላሸሁት ሽቦውን ነው። ገልብጬ ቀጠልኩት፤ ኮድሽ አብሪ ሲላት ትጠፋለች። ስህተቴን እንዳታውቂብኝ ኮዱንም ገለበጥኩት። አፈርኩሽ።»

«ለእፍረት ብለህ? እጃቸው ሊቆረጥ ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አንቺ ፊት መሳሳት ያቅተኛል። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ...»

«አላውቅም። ንገረኝ!»

«እወድሻለሁ፣ ጋዲ።»

ንዴቷ ገና አልበረደም፤ ደስታው ግን አልጠበቃትም፣ ደረቷን ሞላው።

«እኔም እወድሃለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ስታጠፋ ትነግረኛለህ። እኔም ሳልጠይቅህ አልፈርድም። አለዚያ እዚሁ እንለያይ!»

«እሺ... እሺ።»

እጁን ይዛ ወደ ውስጥ መለሰችው። እትዬ ፈለቀች ቀና ብለው አዩአቸው።

«ጥፋተኛው የትኛችሁ ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።