ወንዝ ማዶ የቀረው ስም

አይብ ሠሪው መጀመሪያ ያያት ስትቆጣው ነው። ነጭ ጋዋን ለብሳ ገባችና፣ አይቡን ወደ ውጭ የሚልከው ድርጅት ተቆጣጣሪ መሆኗን ተናግራ፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ክብ አይብ በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«ይሄ ማኅተም ይቅር! በአዲሱ የንግድ ስምምነት ይህ ስም የሚፈቀደው ለወንዝ ማዶው መንደር ብቻ ነው።»

«አባቴም አያቴም በዚሁ ስም ነው የሸጡት!»

«ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወደቡ ላይ ያለ ሰው አያውቃቸውም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። እሱ ወደዳት፤ ምን ይደረግ!

አዲስ ስም አብረው መረጡ። እስኪመዘገብ ድረስ አይቡ ያለ ስም፣ በግማሽ ዋጋ ይላክ ጀመር። እሷ እየተመላለሰች ታጽናናዋለች፤ አንድ ቀን እጁን ያዘችው። ታዲያ አንድ ነገር አንገበገበው። ማክሰኞ ማክሰኞ ድልድዩን ተሻግራ ባለ ስሙ አይብ ሠሪ ዘንድ ትውላለች። «ረጅሙ» ይሉታል። መልከ መልካም ነው፤ ይባስ ብሎ ደግሞ ወንደላጤ!

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሲያልቅ እነግርሃለሁ።»

አንድ ማክሰኞ ተከተላት። ረጅሙ በር ድረስ ሲሸኛት፣ እሷ ስትስቅ አየ። እርር ድብን አለ! ስሜን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ እሷን... ተመልሶ፣ እሷ መርምራ የፈረመችበትን ጭነት ፈታና ሁሉንም በአሮጌው ማኅተም መታው።

ጭነቱ ወደብ ላይ ተያዘ። ፈራሚዋ ከሥራ ታገደች።

«ምን በደልኩህ?» አለችው እያለቀሰች።

«ከሱ ጋር ስትስቂ...»

«አዲሱ ስማችን ከነሱ ስም ጋር ይቀራረባል። ‹አልቃወምም› ብሎ ካልፈረመ አይመዘገብም! ስለምነው የከረምኩት ላንተ ነው። አንተ ኩሩ ነህ፤ ብነግርህ ‹አትለምኚው› ትለኝ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በማግስቱ ድርጅቱ ድረስ ሄዶ፣ «እሷ ከፈረመች በኋላ ያተምኩት እኔ ነኝ» አለ። እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እሱ ለአንድ ዓመት እንዳይልክ ታገደ። ከዚያ ድልድዩን ተሻገረ። ረጅሙ በቅርብ ሲያዩት ጭራሽ ያምራል! ቢሆንም አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀው።

ረጅሙ ወረቀቱን አውጥቶ ፈረመለት።

«አግቢኝ ብያት ነበር» አለው ቀና ብሎ።

«ምን አለችህ?»

«‹ወንዝ ማዶ ሰው አለኝ› አለችኝ።»

እየሮጠ ቢሮዋ ገባ። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«ፈረመ?» አለች ቀና ሳትል።

«ፈረመ... ያልሽውንም ነገረኝ። ሰው አለኝ ያልሽውን።»

ዐይኗ እንባ ሞላ። «ታዲያ... አለኝ?»

«አለሽ!»

ዓመቱ እስኪያልቅ ማን ይጠብቃል! በሦስተኛው ወር ተጋቡ። ረጅሙን ሠርጉ ላይ የጠራችው እሷ ናት፤ ሙሽራው ሲያየው ትንሽ ቀናና፣ ተነስቶ አቀፈው።