ጀልባ ቁጥር 417

ኦርሶላ መምህርቷ የሰጠቻትን ወረቀቶች በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ እየለጠፈች ነበር። አራተኛው ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች የደሴቲቱን ወንዶች ምራቅ ወስደው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደውን ዘር አጥንተዋል። ውጤቱም የአንድ ዘር ሰዎች በአንድ ወረቀት እየሆኑ በየምድቡ ተጽፏል። «ማንነታችሁ እንዳይታወቅ የሚስጥር ቁጥር ምረጡ» ሲባሉ፣ ጉደኞቹ አሣ አጥማጆች በሙሉ የጀልባቸውን ቁጥር ጻፉ። የጀልባ ቁጥር ደግሞ እዚህ ሕፃን እንኳ በቃሉ ያውቀዋል።

አራተኛው ወረቀት ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። 388 የአባቷ ነው። የአባቷ አባት ድንጋይ ሊጠርብ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ስለነበር ቤተሰቡ እስከዛሬ «ባዳ» ይባላል። 417 አብሯት የሚማረው የባርቱል አባት ነው። የባርቱል ዘመዶች በሙሉ አንደኛው ወረቀት ላይ ከነባሮቹ ጋር ሰፍረዋል፤ አባቱ ብቻ እዚህ፣ ከአባቷ ጎን።

አምና በሕማማት ሰልፍ አባቷ መስቀሉን ልሸከም ሲል፣ «ባዳ አይሸከመውም» ብሎ በሰው ፊት ያዋረደው ይኸው ሰውዬ ነው። ባርቱልም ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ያንኑ ሲደጋግምባት ከረመ። ኦርሶላ ደስ አላት። አባትም ልጅም እንዲያርሩ ፈለገች።

ስፒሉን አነሳች። በመስኮቱ የባርቱል አባት እናት እማማ ፔሪና ቀስ እያሉ ሲያልፉ አየች። ከዚያ ቤት በስሟ የሚጠሯት፣ የደረቀ በለስ ኪሷ ውስጥ የሚከቱላት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህ ከተለጠፈ ሰው መጀመሪያ የሚጠቋቆመው በእሳቸው ላይ ነው። ተናደደች። እሳቸው በመሀል ባይኖሩ ምን ነበረበት!

«እሺ ባዳዋ» አለ ባርቱል ከበሩ። «የያዝሽው የነማን ነው? የናንተ መሆን አለበት።»

«አዎ፣ የኛ ሰዎች ናቸው።»

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት።»

«ሁለት ብቻ? ስታሳዝኑ» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ የላይኛው ከንፈሩ ልክ እንደ አባቷ ወደ ግራ ሸሸ። እስከዛሬ እንዴት እንዳላስተዋለችው ገረማት።

«ለአባትህ ንገረው» አለችው። «አባቴ ዘንድሮም መስቀሉን ልሸከም ብሎ ይጠይቃል። መልሱን እዚያው ቆሜ እሰማለሁ።»

«እምቢ ቢልስ? ምን ልታመጪ?»

ኦርሶላ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችና በለሱ ያለበት ኪሷ ውስጥ ከተተችው። አልቀደደችውም።