ካልመጣሁ ፈልጊኝ

ፈርገስ ኬርንጎርም ተራራ ላይ መጀመሪያ የተማረው መውደቅ ነው። አስተማሪው እኔ ነበርኩ። በበረዶ ወራት ተራራ መውጣት ለሚፈልግ ሰው ትምህርቱ የሚጀምረው ሆን ብሎ ተንሸራትቶ፣ የበረዶ መጥረቢያ ሰክቶ ራስን በማቆም ነው።

«አስተማሪዬ፣ አለሁ ወይስ ሞቻለሁ?» አለ፣ ጢሙን በረዶ ሞልቶት።

«ምላስህማ አለች» አልኩት።

ከግላስጎው የመጣ ጀልባ ጠጋኝ ነው። ሲስቅ ዓይኔን የማሳርፍበት ይጠፋኝ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ሌሎቹ ተማሪዎች ሲወርዱ እኛ «ጫፉን አንዴ አይተን እንመለስ» ብለን ቀረን። በረዶው በምትጠልቀው ፀሐይ ኮክ መሰለ። እሱ በረዶውን ሲያይ እኔ እሱን ሳይ፣ አስተማሪ ተብዬዋ ሰዓቴን ረሳሁት። ከዚያ ጭጋጉ መጥቶ መንገዱን ዋጠው።

ገደል አጠገብ በጭፍን መሄድ ሞት ነው። የተከመረውን በረዶ ቆፍረን ገባን፣ ገመዱን አንጥፈን ተቀመጥን፣ አራቱንም እግር አንድ ቦርሳ ውስጥ ከተትን። ሻማ ለኮስኩ። ግድግዳው የማር ቀለም ያዘ፤ የነፋሱም ድምፅ ከሩቅ አገር የሚመጣ መሰለ።

«እንዳትተኛ፣ አውራኝ» አልኩት። «እመለሳለሁ ብለህ ለማን ነግረህ ወጣህ?»

«እኛ ዘንድ ለሰው ሳይነግር ተራራ የሚወጣ የለም» አልኩት።

«ለማንም። ብቀርስ ማን ይጠይቃል?»

የቀዘቀዙ እጆቹን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ።

«እኔ ለእናቴ ነግሬያለሁ። ለዛሬ ለሁለታችንም ትበቃለች።»

እወድሃለሁ ልለው ፈልጌ ኩራቴ ያዘኝ። ሕልም ይሁን እውን ሳይለይልን ነጋ።

እናቴ የነፍስ አድን ሰዎችን አስከትላ መጣች። «አንቺ ቀውስ!» ብላ አቀፈችኝ፤ ወዲያው እሱንም አቀፈችው። «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ባቡር ጣቢያ ሸኘሁት። እወድሃለሁ አሁንም አላልኩትም ነበር። እሱ አንድ እግሩን ባቡሩ ላይ አድርጎ ዞረ።

«ሞርቨን፣ አርብ በማታው ባቡር እመጣለሁ።»

«ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?»

«ለሰው ሳይነገር አይወጣም አላልሽም? ካልመጣሁ ፈልጊኝ።»

መጣ። ከተጋባን ይኸው አምስተኛ በረዷችን ነው። ዛሬ ጠዋት «ወተት ገዝቼ በግማሽ ሰዓት እመለሳለሁ» ብሎኝ ወጣ።

ግማሽ ሰዓቱ አለፈ። ጫማዬን እያሰርኩ ነው።