ነፋስ የማይገባበት ኩሽና

«ስንት ሰዓት ሆነ፣ ልጄ?»

ብስኩት እጇ እስከ አንጓዋ ሊጥ ውስጥ እንደገባ ቀና አለች። ጥያቄው የማንም ጥያቄ ነው፤ ጠያቂው ግን አያቷ ናቸው። አያቷ አርባ ዓመት ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እጃቸው ላይ ሰዓት አስረው አያውቁም፤ «ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ። ከእንቅልፋቸው ቀስቅሳችሁ ብትጠይቋቸው እንኳ «ለዘጠኝ አስር ጉዳይ» ይሏችኋል፤ የግድግዳው ሰዓት ሌላ ካለ የተሳሳተው የግድግዳው ነው።

«ግድግዳው ላይ አለልዎት እኮ፣ አባባ» አለች እየሳቀች።

አያቷ የግድግዳውን ሰዓት አዩት። ትክ ብለው፣ ረጅም ጊዜ አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጉልበታቸው መለሱና «እሱማ አለ» አሉ ቀስ ብለው። ስንት እንደሆነ ግን አልተናገሩም።

የብስኩት ሳቅ አፏ ላይ ቀረ።

ብስኩት የሚለውን ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ቅዝቃዜው የጀመረ ሰሞን፣ እናቷ የምትሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ፈረቃዋን ቀየረባትና ዳቦ መጋገሩ በልጅቷ ላይ ወደቀ። አያቷ ጥርሳቸው አልቋል፤ ደስ ብሏቸው የሚበሉት ለስላሳውን የአጃ ዳቦ ብቻ ነው። እናቷ የምትጋግረው ዳቦ በጣት ሲነካ ጎድጎድ ብሎ መልሶ ይነሳል። የብስኩት የመጀመሪያ ዳቦ ግን ጣት የሚሰብር ነበር። አያቷ በጣታቸው አንኳኩት፤ እንደ ሰዓት ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አዳመጡት። «ይኼ ቆሟል» አሉ። «ብስኩት ነው የጋገርሽልኝ።» እናቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሟ የሚጠሯት አስተማሪዎቿ ብቻ ሆኑ።

የጎደላት ነገር አልነበረም። አጃውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፋ እስኪለሰልስ ትጠብቃለች። ለብ ሲል እርሾውን፣ ወተቱን፣ ማሩንና ጥቂት ዘይት ትጨምርበታለች። ሊጡ እጇ ላይ ሲጣበቅ «ዱቄት ጨምሪ፣ ጨምሪ» የሚላትን ሐሳብ ጥርሷን ነክሳ ታልፈዋለች፤ ዱቄት የበዛበት ዳቦ ይደርቃላ። ግን ሊጡ ኩፍ አልል ይላታል፣ ኩፍ ካለም ምድጃ ሳይገባ ይተኛል። አንድ ቀን ጉንጯን ብርድ ሲነካት ጥፋተኛውን አገኘችው። ከምድጃው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ቡጢ የምታስገባ የአየር መውጫ ቀዳዳ አለች። ነፋሱ በእሷ እየገባ በቀጥታ ሊጡ ላይ ያርፋል።

ወንበር ላይ ወጣችና ያጠራትን የድሮ የትምህርት ቤት ሹራቧን ጠቅልላ ቀዳዳውን ወተፈችው።

የዚያን ቀን ዳቦ ከመጋገሪያው ጠርዝ በላይ ተነፍቶ ወጣ። እናቷ በጣቷ ተጫነችው፤ ጎድጎድ አለና መልሶ ተነሳ። «አሁን ገና እጅሽ ተፈታ!» ብላ ግንባሯን ሳመቻት። አያቷ ሁለት ቁራሽ በልተው ሦስተኛ ጠየቁ። ብስኩት የሹራቡን ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ግን የተመሰገነው እጇ ነው፣ ሹራቧ አይደለም። አፏን በቁራሽ ዳቦ ሞላችው።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጋግራለች፤ አያቷም እናቷ እስክትመጣ የኩሽናውን ጥግ ይዘው፣ ወንበራቸውን ወደ ምድጃው አስጠግተው ይሞቃሉ። እሷ ዳቦው እስኪደርስ ሳሎን ሄዳ ታጠናለች። በእነዚህ ሳምንታት ምድጃው ሥር ካልሆነ የማትተኛው ድመታቸው ደረጃው ላይ ማደር ጀመረች። ሰማያዊ የነበረው የምድጃው እሳት ቢጫ ሆነ። ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ ጠቆረ። ብስኩትን ራሷን ያማታል፤ የፈተና ጭንቀት ነው ብላ ትታዋለች። አያቷ ወንበራቸው ላይ ያንቀላፋሉ፣ ሲነቁም የሚናገሩት ቅጥ ያጣል። ሁሉንም አንድ በአንድ አይታዋለች፤ አንድ ላይ ግን አላየችውም።

በሩ ተንኳኳ።

እጇን በፎጣ እየጠረገች ከፈተች። ቱታ የለበሰ፣ በደረቱ ደብተር የያዘ ወጣት ቆሟል። የጋዝ ምድጃዎችን የሚፈትሸው ሠራተኛ ነው።

«ትልቅ ሰው የለም?»

«አያቴ አሉ። ደክሟቸው ተኝተዋል» አለች። አያቷ በእርግጥም ወንበራቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

«አራት ፎቅ ወጥቼ ነው የመጣሁት፣ እህቴ፤ ጉልበት የሚባል አልቀረኝም። ሁለት ጥያቄ ብቻ። ምድጃው ጋዝ ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«የአየር መውጫው ክፍት ነው?»

ብስኩት ወደ ኩሽናው ዞር ብላ አየች። ሊጡ ኩፍ ሊል ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። እውነቱን ብትነግረው ገብቶ ሹራቡን ያወጣዋል፤ ዛሬ ዳቦ የለም፣ ነገም የለም፤ እጇ የተፈታላት ልጅም የለችም።

«ክፍት ነው» አለች ዓይኗን በጨው አጥባ።

ሠራተኛው ደብተሩ ላይ ጫረና አስፈረማት። ደረጃውን መውረድ ጀምሮ ዞር አለ።

«ጥሩ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት በካርቶን ደፍነውት አግኝቼ ጮኼባቸው መጣሁ። የተቃጠለው ጋዝ መውጫ ካጣ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። አይታይም፣ አይሸትም። መጀመሪያ ራስ ያማል። ከዚያ ሰውየው ይፈዛል፣ ይዘባርቃል። ከዚያ መተኛት ነው፣ መንቃት የለም። በይ ደህና ዋይ።»

የጫማው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ብስኩት እጀታውን እንደያዘች ቀረች። ልትጠራው ፈለገች፤ ግን ውሸቷ ከነፊርማዋ ደብተሩ ላይ ሰፍሯል።

ኩሽና ስትመለስ አያቷ እንደተቀመጡ ናቸው። አፋቸው ከፈት ብሏል። ኩሽናው እንዲሞቅ የለኮሰችው ምድጃ ቢጫ እሳቱን እያወዛወዘ ይነዳል።

«አባባ!»

አልመለሱም። ሮጣ ምድጃውን አጠፋች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ትከሻቸውን ነቀነቀች። «አባባ! አባባ!»

አንድ ዓይናቸው ተከፈተ። «ሱቁን ዘጋሽው?» አሉ።

ሱቁ ከተዘጋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ደግፋ ሳሎን ወስዳ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ሊጡን ሸፍና ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ኩሽና ተመልሳ ወንበር ላይ ወጣችና እጇን ወደ ሹራቡ ዘረጋች። ያን ጊዜ የውጪው በር ተከፈተ። እናቷ ነበረች፤ ከፈረቃዋ ቀድማ መጥታለች። ብስኩት ዘላ ወረደች።

እናቷ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ኩሽናው በር ላይ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አክስትሽ ጋ ደወልኩ» አለች። «ነገ መጥታ አባባን ትወስዳቸዋለች። ትናንት ማታ እኔን "እማዬ" ብለው ጠሩኝ፣ ታውቂያለሽ? የሆስፒታላችንን ሐኪም ጠየቅኩት፤ በዚህ ዕድሜ የመርሳት በሽታ እንዲህ ነው የሚጀምረው አለኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ የለሁም፣ አንቺ ትምህርት አለሽ። አክስትሽ ቤት የሚጠብቃቸው ሰው አለ።»

«እስከ መቼ?» አለች ብስኩት።

«መቼስ ይኼ ነገር ወደ ኋላ አይመለስ።»

ለመናገር ከዚያ የተሻለ ሰዓት አልነበረም። አሳለፈችው። ለራት ምድጃ የለኮሰ ሰው አልነበረም፤ ደረቅ ነገር ቀማምሰው ተኙ።

በማግስቱ አክስቷ ከቀትር በኋላ ደረሰች። አክስቷ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናት፤ ሳሎን ስትገባ ወንበሩም ሰውም የተሰለፈ ይመስላል። «አውቶቡሱ አስራ አንድ ሰዓት ነው» አለች። «ልብሳቸው እዚህ፣ መድኃኒታቸው እዚያ። አንቺ ደግሞ የኔ ቆንጆ፣ ያንን የሚያወሩልሽን ለስላሳ ዳቦ ለመንገድ ጋግሪልን። ሌላ ነገር አይበሉልኝም።»

ብስኩት ሊጡን ከማቀዝቀዣ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ቀዝቅዞ ነበር፤ ኩፍ የሚለው ከሞቀ ብቻ ነው። ቀና ብላ ቀዳዳውን አየችው። የሹራቡ እጀታ ጫፍ ተንጠልጥሏል።

ከኋላዋ የአያቷን ዱላ ሰማች። እየተጎተቱ መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ እንደ ሁልጊዜው ወደ ምድጃው ተጠግተው።

«ሳሎን ይሻልዎታል፣ አባባ።»

«እዚያ ሻንጣ ነው ያለው» አሉ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ሰዓት ሲከፍቱ ዓይናቸው ላይ የሚገጥሟትን ማጉሊያ መነጽር አወጡ። ጠርዟ በአርባ ዓመት ላብ ወይቧል። ሊጥ የነካው መዳፏ ላይ አኖሩላት።

«ያዢው። እኔ ምን ያደርግልኛል?»

«አባባ…»

«ትናንት ሰዓቱን አየሁት፣ ልጄ። ትልቁንም ትንሹንም ቆጣሪ አያቸዋለሁ። ምን እንደሚሉኝ ነው የጠፋኝ። እነሱ በሩን ዘግተው የሚንሾካሾኩት የማልሰማ መስሏቸው ነው።» ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ዓይናቸው ጋ አልደረሰም። «ቆሜያለሁ መሰለኝ።»

ሁሉም ስለ እሳቸው ያሉትን እሳቸውም አምነውታል፤ ያመኑት ደግሞ በእሷ ሹራብ ምክንያት ነው።

አንድ ቀላል መንገድ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞርባት ያደረ። ሹራቡን ዛሬ አውጥቶ መጣል። አያቷ አክስቷ ቤት ንጹሕ አየር ያገኛሉ፣ ራሳቸውም ይጠራል። ሰው ሁሉ «አየሩ ተስማማቸው» ይላል። እዚያው ይቀራሉ። እሷን የሚጠይቃት የለም፤ የፈረመችበትም ደብተር ተዘግቷል። ብቻ አያቷ እስከ መጨረሻው፣ ጭንቅላታቸው አንድ ጊዜ ጥሏቸው እንደሄደ እያሰቡ፣ ነገ ደግሞ ይጥለኛል ብለው እየፈሩ ይኖራሉ።

ማጉሊያውን ልብሷ ላይ ጠረገችና መልሳ እጃቸው ውስጥ አስገባች። ጣቶቻቸውን አጠፈችላቸው።

«ይኼ የእርስዎ ነው» አለች።

ወንበር ላይ ወጣች። ሹራቡ ተጣብቆ አልወጣ አላት፤ በሁለት እጇ ጎተተችው። ጥቀርሻ ፊቷ ላይ ፈሰሰ። ከኋላው ብርዱ ተግተልትሎ ገባ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው የዱቄት ከረጢት ተርገበገበ፣ የሊጡ መሸፈኛ ጨርቅ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሰማያዊ የነበረው ሹራብ በምድጃው በኩል ከሰል መስሏል።

አያቷ አንገታቸውን ቀና አድርገው ቀዳዳውን አዩ፤ ሹራቡን አዩ፤ እሷን አዩ። ሰዓት ከፍተው ጥፋቱን ሲፈልጉ የሚያዩት ዓይነት አስተያየት ነበር።

«ሊጥሽ ይተኛል» አሉ።

«ይተኛ።»

ኮታቸውን አልብሳ፣ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችላቸው። ምድጃውን አልለኮሰችም። ሹራቡን ይዛ ወጣች። መተላለፊያው አራት እርምጃ ብቻ ነው፤ ያን ዕለት ግን ረዝሞባት ነበር። ሳሎን ውስጥ እናቷ ሻንጣውን በጉልበቷ ተጭናለች፤ አክስቷ ዚፑን ትጎትታለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እናቷ ፊቷን አይታ። «ምንድን ነው ይኼ ጥቁር ነገር?»

ብስኩት በመካከላቸው ጎንበስ አለች። ጥቀርሻ የጠጣውን ሹራብ በተጣጠፉት ነጫጭ ሸሚዞች ላይ አኖረችው።

«ሻንጣውን አትዝጉት» አለች። «መጀመሪያ እኔን ስሙኝ።»