እርጥብ ጣት የማይቀበለው በር

የዓሣ ነጋዴው ሬሳ የተገኘው ከገዛ ማቀዝቀዣ ክፍሉ በር ሥር ነው። በሩ ከውስጥ በጣት አሻራ ይከፈታል፤ የሟቹ አሻራ ተመዝግቧል፤ መሣሪያውም ይሠራል። ታዲያ ሰውየው ምን ነካውና ሳይወጣ ቀረ? ለዘመዶቹ ነገሩ ያለቀ ነበር። «ሚስቱ ናት! በሩን አበላሽታ ፈጀችው!» እያሉ ፖሊስ እንዲያስራት ይጮኻሉ።

መርማሪዋ ለጩኸት ጆሮ የላትም። ጎንበስ ብላ የሟቹን ጣቶች አየች፤ በረዶ ተጋግሮባቸዋል።

«ማታ ማታ በረዶውን በእጁ ያገላብጥ ነበር» አለች ሚስቱ እያለቀሰች። «በእርጥብ እጁ ሁሌም ከፍቶ ይወጣል እኮ!»

የመጋዘን ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አምና አንድ ጫኝ እዚሁ ውስጥ ሞቶብናል። ያኔ የነበረው መሣሪያ እርጥብ ጣት አይቀበልም ነበር። ጌታዬ፣ ሟቹ፣ ግን ‹ሰክሮ ነው› ብሎ መሰከረና መሣሪያውን በጎን አስቀየረ።»

ጉድ ነው! ሰው መሞቱ ሳያንስ ስሙንም ቀበሩት።

መርማሪዋ የመጋዘኑን ቁልፍ ገጣሚ አስጠራች። «የጣት አሻራ መሣሪያዎችን ልዩነት እስቲ አስረዳኝ።»

«አንዱ በብርሃን ፎቶ ያነሳል፤ በጥሩ ፎቶ ይሸወዳል። ሌላው የቆዳን ኤሌክትሪክ ያነባል፤ ፎቶ አያታልለውም፣ ውሃ ግን ያደናብረዋል። ሦስተኛው በድምፅ ሞገድ ነው፤ ጣት ረጠበ ደረቀ ግድ የለውም፤ ዋጋው ነው የማይቀመሰው።»

«እዚህ በር ላይ ያለውስ የትኛው ነው?»

«እኔ እንጃ! የተገጠመው እኔ ሳልቀጠር ነው፤ ነክቼውም አላውቅ።»

ሁሉንም ከውስጥ በኩል በሩ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«በእርጥብ እጁ ሲወጣ የኖረን ሰው በሩ ትናንት እምቢ አለው። ስለዚህ አዲሱ መሣሪያ ተነስቶ የድሮው ተመልሷል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያ ደግሞ የገጠመውን በራሱ ጣት ሳይሞክር አይሄድም፤ ለመሞከር አሻራውን መመዝገብ አለበት። በሉ፣ ተራ በተራ ንኩት።»

ሚስቱ ነካች፤ ቀይ በራ። ኃላፊው ከድሮም የተመዘገበ ነውና አረንጓዴ በራለት። ገጣሚው ጣቱን ላስ አደረገና ነካ፤ ቀይ።

መርማሪዋ ፎጣ ወረወረችለት። «ነክተኸው የማታውቀው መሣሪያ እርጥበት እንደሚጠላ ማን ነገረህ? ጥረግና ድገመው!»

ጣቱን ቀስ ብሎ ጠረገ፤ ነካ። በሩ ተከፈተ። ሚስቱ «ተመስገን!» ብላ መሬት ላይ ዘጭ አለች።

«ጫኙ ምንህ ነበር?»

«ታናሽ ወንድሜ!» ገጣሚው አሁን አልፈራም። «መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ከበሩ ውጭ። በሩን ሲደበድብ፣ ስሜን እየጠራ ሲለምን ነበር። ለወንድሜ ጩኸት ሰሚ አልነበረውም፤ ለሱ ግን እስኪያበቃ ድረስ ቆሜ ሰማሁለት።»